ያልተቆፈረው

እኛ መንደር ውስጥ በር ሞልቶ አይዘጋም፣
ገበታ ላይ አተር ቢወድቅ አይረጋም፤
ተንከባሎ ይሄዳል ወደ ምሥራቅ በኩል፣
እንደሚያውቅ ሁሉ መሬት ስትጎድል።
የሚስዝ ክሌግ ግድግዳ ከላይ ታች ተሰንጥቆ፣
ነፋሱ ይገባል እንደ ቤተኛ ሰው፣ ማንኳኳቱን ንቆ።

ከእግራችን ሥር ባዶ ነው። ባዶ ያደረግነው እኛው ነን፣
ባጭር ሻማ ብርሃን፣ በጎናችን ተጋድመን።
ከሰሉን ለንደን ሞቀው፣ መርከብም ነዳበት፤
ጉድጓዱ ለኛ ቀረ፣ ቤታችን ቆመበት።

በቆርቆሮው አዳራሽ ቄስ ፒሊንግ ንድፉን ዘረጉ፤
ግንብ፣ ሦስት ደወል፣ የቅስት መስኮት... ሰዎች ወንበር ስበው ተጠጉ።
«ያማረ ነው» አለ አንጥረኛው፣ «ግን ማን ይሸከመዋል?
እኛ የገባንበት ሁሉ ሥሩ ወንፊት ሆኗል።»

የኩባንያው ደብዳቤም መጣ። አጭር ነው፣ ትሑት ነው፤
«ከሕንጻው ሥር ያለውን ከሰል ሳንነካ እንድንተወው
ዋጋው ስምንት መቶ ፓውንድ ነው።»
እኛ ከሻይና ከኬክ ሽያጭ፣ በሦስት በጋ ያገኘነው
አንድ መቶ አሥራ ዘጠኝ፣ ከጥቂት ሳንቲም ጋር ነው።

እኔ የማዕድኑ ቀያሽ ነኝ፤ ካርታውን አምጣ አሉኝ።
ጥቁር የተቀባው የወጣው ነው። ነጩን ፈልግ አሉኝ።

ኤኖክ ሄስኬት ተነሣ፤ በጉባኤ ተናግሮ አያውቅም፤
ከሰል የነቀሰው ጣቱ ካርታው ላይ አልተንቀጠቀጠም።
«እዚህ ጋ» አለ፣ «ከበጎቹ ጋጣ ማዶ፣ ከእሾህ አጥሩ ሥር።
ኩባንያው አይሸጥላችሁም። ከፍለንበታል ያኔ፣ በማይመለስ ብር።
ጣራው የወደቀ ለት፣ ወንድሜ ጆብ፣ የክሮስሊም ልጅ፣ እዚያው ቀሩ፤
መግቢያውን በጡብ ደፈኑት፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አልዞረ በዚያ ዙሩ።
ጆብ ያልቆፈረው ከሰል ቆሞ አቅፏቸዋል፤
ሠላሳ አንድ ዓመት አጥሩ አልዘመመም፣ እሱ ይመሰክራል።»

ማንም አልተነፈሰም። ሚስዝ ክሌግ ጓንቷን አወለቀች።
ቄሱ እርሳሳቸውን አነሡ፤ ግንቢቱ በግማሽ አጠረች።

እኔ ካርታዬን አጠፍሁ። በዚያች ነጭ ቦታ ላይ፣ በወጣትነቴ፣
«የባከነ ከሰል» ብዬ ነበር፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈቴ።
ማታ በምላጭ ስፍቀው ወረቀቱ እዚያ ላይ ሳሳ፤
በዚያች ቦታ ብቻ በራ፣ ወደ ፋኖሱ ሲነሣ።