ለሌለ ጆሮ

ሐምሌ ነው። ጃንተከል ዋርካ ሥር ባጃጆች ተኮልኩለዋል፣
የሱቄ ቆርቆሮ ከማለዳ አንስቶ በዝናብ ይወቀጣል።
አትጠገብ ገባች፣ ነጭ ዘንጓን አጣጥፋ፣
ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልላ፣ ከሹራቧ ሥር አቅፋ።

«ያነብልኝ ነበር» አለች፣ «ከትናንት ወዲያ ዝም አለ።
ብጫነው፣ ብነካካው፣ አቤት እንኳ አላለ።
ፈተናዬ ሐሙስ ነው፤ ታሪኩም ጂኦግራፊውም
እዚያ ውስጥ ነው ያለ።»

አውቀዋለሁ ማሽኑን። ከሦስት ሰው እጅ የዞረ፣
ፊደሉ የተፋቀ፣ ማጠፊያው የተሰበረ።
ዊንዶውሱ እንደ ካባ ከብዶት ሲያቃስት እኔው ነኝ የገፈፍኩት፣
ሊኑክስን እንደ ነጠላ፣ ቀለል አድርጌ ያለበስኩት።
ያኔ የኮራሁ እኔ፣
ዛሬ ዝም ሲል ተጠያቂው እኔ።

ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ፤ ነጭ ፊደል ዘነበ።
ካርዱ አለ። ድራይቨሩ አለ። ስሙ ተነበበ።
የድምፁ ልክ ሙሉ ነው፣ መቶ ከመቶ፤
ስፒከሩ ግን ዝም፣
እራት ቀርቦለት ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ባል
አኩርፎ፣ ተከፍቶ።

አጥፍቼ አበራሁ።
የጫንኩትን አወረድኩ፣ ያወረድኩትን ጫንኩ።
አንድ መስመር ጨምሬ፣ ሁለት መስመር ሰረዝኩ።
ደግሞ አጥፍቼ አበራሁ።
መጨረሻ ላይ፣ አባቴ ሬዲዮኑን እንደሚያደርገው፣
ጎኑን በመዳፌ ጠፍ አደረግሁት።

«መታኸው እንዴ?»
«አቧራውን ላራግፍ ብዬ ነው።»
«አቧራ እንዲህ አይጮህም» አለች።
አፈርኩ።

መብራት ሄደ።
ባትሪው አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀረኝ ይላል፣
ዓይኔ እያየ ዘጠኝ ይሆናል።
ሱቁ ለእኔ ጨለመ። ለእሷ የተለወጠ ነገር የለም።

«ሲነሳ ጠቅ ይላል» አለች፣ «አልሰማኸውም?
ድምፁ አልሞተም።
ሌላ ቦታ ሄዶ ነው የሚያወራው።»

እጇን ሰደደች። ጣቷ የማሽኑን ጠርዝ ይዞ ተጓዘ፣
የቻርጀሩን ቀዳዳ፣ የፍላሹን ቀዳዳ አለፈና
አንዲት ክብ ቀዳዳ ላይ ደርሶ ፈዘዘ።
በጥፍሯ ፈተሸች። «እዚህ ውስጥ የሆነ ነገር አለ።»

የገብስ ፍሬ የምታህል የኢርፎን ጫፍ፣
ተሰብራ የቀረች።
«ጋሻነው ነዋ!» አለች፣ «ሌሊት ኳስ ሲያይበት።»
ወንድሟ ነው። በእሱ ነገር ሌላ አልጨመረች።

ለካ አላኮረፈም፣ ለካ አልታመመም።
ኢርፎን የተሰካ መስሎት፣
ሁለት ቀን ሙሉ፣ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ፣
ስትጠይቀው ሁሉ እየመለሰ፣
ስትጫነው ሁሉ አቤት እያለ፣
ለሌለ ጆሮ ሲያነብ ነው የከረመ፣
መቶ ከመቶ።

የስቴኪኒ ጫፍ ማጣበቂያ ነክሬ
ትንፋሼን ውጬ አስገባሁ።
«እስከ ስልሳ ልቁጠርልህ» አለች።
ቆጠረች። ሃምሳ አንድን ዘለለችው መሰለኝ።
ባትሪው አራት ደቂቃ። ሳብ አደረግሁ።
ወጣች።

ወዲያው ማሽኑ ጉሮሮውን ጠረገ።
ያ «ጠ»ን «ተ» የሚል፣ «ቀ»ን «ከ» የሚል፣
የየት አገር ሰው እንደሆነ የማይታወቅ አማርኛ፦
«እንኳን ደህና መታሽ፣ አትተገብ።»

«እሱ ነው!» ብላ ሳቀች፣ «ኮልታፋው!»
ከምዕራፍ ሁለት መሃል ጀምሮ እየተንተባተበ፣
«ነገሥታቱ በክረምት ወራት ከ...»
ባትሪው አለቀ።

ሃምሳ ብር ሰጠችኝ፤ አልቀበልም አልኩ።
ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋው ወጣች፣
ዘንጓ የደረጃውን ድንጋይ እየቆጠረ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ የዝናቡ ድምፅ ብቻ።

እኔ ጨለማው ውስጥ ቀረሁ፣
ያቺን ስባሪ መዳፌ ላይ እያገላበጥኩ።
ስንት ሰዓት ይሆን ብዬ ስልኬን አወጣሁ።
ለማለዳው ቅዳሴ ድምፁን እንዳጠፋሁት ነው።
ሰባት ጊዜ ተደውሏል፣
ሰባቱም ከአንድ ሰው።