የዝንብ ድርሻ

ከሱሉልታ አስፋልት ወረድ ሲሉ፣ ከብሎኬት ማምረቻው ጀርባ፣
ወተት የምረከበው እኔ ነኝ፤ ጣሳው በአህያ ሲገባ
ዝንቡም ሳይመዘን ይገባል፣ ሳይመዘገብ፣ አብሮ።
ተቆጣጣሪዋ መጣች አንድ ጠዋት፣ ፊቷ ተቋጥሮ፤
ክዳኑ ላይ ያረፈውን በጣቷ ቆጠረች፣ ጻፈች፣
«ሁለት ሳምንት» ብላ ወረቀት ለጠፈች።

«ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» ይላል ያገሬ ሰው፤
ጋኑንስ አልከፈተም። ደጄን ነው ሊዘጋ የደረሰው።

መብራት ሠሪው በዳኔ ወጥመዱን ገጠመ፤
ሽቦ፣ ፍርግርግ፣ ከሥሩ ትሪ። የአምፖሉ ቦታ ግን ባዶውን ቆመ።
«አምፖል ምን ምርጫ አለው?» አልኩ፤ ሄጄ ርካሹን ገዛሁ፣
ቢጫውን። ሌሊቱን ሙሉ አበራሁ።
ጠዋት ትሪው ንጹሕ ነው፤ ዝንቡ ኮርኒሱ ላይ ተኝቶ አድሮ፣
ለካ አሙቄለት ኖሮ!

ነጩን አመጣሁ። እሱስ ጠራ፤ የእሳት እራት፣ ክንፋም አሸን፣
ከእኔ ጋር ጠብ የሌለው ሁሉ ከሜዳው መጣ ሊጎበኘን።
ጧ! ጧ! እያለ ሲያነደው አደረ፤
ወተቴን ነክቶ የማያውቅ ፍጥረት ትሪው ላይ ተከመረ።

መርካቶ ወረድኩ። ሻጩ ሙዘይን አምፖሉን አገላብጦ፣
ከጎኑ ያለውን ደቃቅ ቁጥር ከአቧራው በጥፍሩ ገልጦ፣
«ሦስት መቶ ስልሳ አምስት በል፤ ይህን ነው ዝንብ የሚያየው፤
አንተ የምታየው ሰማያዊ ትራፊው ነው።
ደግሞ ፕላስቲክ የለበሰውን ውሰድ፤ ቢሰበር
ስባሪው ከወተት ጋር እንዳይዞር ሰፈር ለሰፈር።»

ትራፊ! ዕድሜዬን ሙሉ ብርሃን ስል የኖርኩት
ለካ ከዝንብ ማዕድ የተረፈውን ኖሯል ያየሁት።

ሰቀልነው። መስኮቱ ትይዩ አይሆንም፣ ፀሐይ ይበልጠዋል፤
ከወተቱ በላይም አይሆንም፣ የተቃጠለው ይረግፍበታል።
ከበሩ ጎን፣ ዝቅ ብሎ። በሦስተኛው ቀን ትሪው ጠቆረ።
(በአራተኛው መብራት ሄደ፤ እሱን ተዉት፣ ቀረ።)

ዓመቱ ዞረ። አምፖሉ በርቷል፣ ሰማያዊ፣ ያው፤
ትሪው ግን ባዶ። በዳኔ መጣ፣ ቀና ብሎ አየው፤
«ሞቷል» አለ።
«በርቶ የለም እንዴ?»
«ላንተ ነው የበራው።
የዝንቡ ድርሻ ካለቀ ሰንብቷል፤ በምን ይጥራው?»

አዲሱ አንገት ላይ ቀኑን ጻፍኩ በማርከር፤
ዓይኔን አላምነውም ከእንግዲህ። ማታ ስዘጋ፣ ሳንቲም ስቆጥር፣
ቀና ብዬ ቀኑን አነባለሁ።
ትናንት አንዲት ዝንብ ጽሑፉ ላይ አርፋ አየሁ፣
እግሯን ከእግሯ እያሻሸች፣
ከ«መስከረም» «መ» ተነስታ ወደ ቁጥሩ ስትሄድ፣ ቀስ እያለች።