አልጋ ወራሽ

በሰኔ ቫርዶ ላይ ፀሐይ አትጠልቅም፤
በታኅሣሥ ደግሞ ጭራሽ ብቅ አትልም።
ጉንቮር ሁለቱንም ጠንቅቃ ታውቃለች፣
ያለ ሌሊት ነቅታ፣ ያለ ቀን ነቅታለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት ዓሣ ስትበልት፣
በረዶ የነካው ውኃ እጇን ሲበላት፣
ቅዝቃዜው በጣቷ ገብቶ ተደላድሎ፣
ክርኗን ተሻግሮ ትከሻ ላይ ውሎ፣
ጡረታ ስትወጣ አብሯት ከበሩ ወጣ፤
እሷ ሥራ ፈታች፣
እሱ የሌሊት ፈረቃ አላጣ።

«ከአንድ እስከ አሥር ስንት ይሰጡታል?»
ሐኪሙ ይጠይቃል፣ ብዕሩ ይጠብቃል።
«ተኝቼ ካደርኩ አራት። ካልተኛሁ ሰባት።
ሰባት ከሆነ ግን፣ ዶክተር፣ እንቅልፍ ከወዴት?»
ጻፈ። ምን እንደጻፈ አልነገራት።

አልጋው የእንቅልፍ ነበር፤ አንድ ክረምት ታሞ
ሳይናዘዝ ሞተ።
ህመም መጣ፣ «አልጋ ወራሹ እኔ ነኝ» ብሎ ተሰይሞ፣
ትራሱን ተደግፎ ካባውን ጎተተ፤
ካባው ያው ብርድ ልብሷ ነው።
እሷ በግዞት ናት፣ ከፍራሹ ጠርዝ፣ በግራ ጎኗ ላይ።

ትናንት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት
ካፖርት ደርባ ወጣች። ብርሃኑ የቀትር ነው።
ጎረቤቷ ኦድቫር ጀልባውን ገልብጦ
አሮጌ ቀለም ይፍቃል፤ እሱን የያዘው ወገቡ ነው።
«ደህና አደርሽ» እንዳይላት፣ ማን አደረና?
«ደህና እደሪ» እንዳይል፣ የቱ ሌሊት አለና?
«የቱ ነው ዛሬ?» አላት።
«ትከሻዬ።»
«የእኔ ያው የታችኛው፣ ነባሩ።»

ሳጥን ላይ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ለጀልባው ሰጥታ።
መፋቂያው ኽርር ይላል፤ ኦድቫር ስለ ናፍጣ ዋጋ ያወራል፣
በርገን ስላገባችው ልጁ፣ ስለማትደውለው።
መልስ ሲያጣ ዞር አለ፤
አንገቷ ተጣሞ፣ አፏ በትንሹ ተከፍቶ፣
ተኝታለች።

መፋቂያውን እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው አስቀመጠ።
ሹራቡን አውልቆ ጣል አደረገባት።
ራሱ በሸሚዝ ቆመ፣ ወገቡ እየጮኸ፣
የባሕር ወፎቹን በእጁ እያባረረ፣
ያለ ድምፅ፣
የሰው እንቅልፍ ዘበኛ።

ሃያ ደቂቃ። ምናልባት ሃያ ሁለት።
ስትነቃ አልጋ ወራሹ እዚያው ትከሻዋ ላይ ነበር።
«ስንት ሆነ?» አለ ኦድቫር።
አሰበች። ጣቶቿን ዘረጋች፣ ሰበሰበች።
«አምስት።»
ከዚያ ደግሞ፣ «አምስት አይሞላም።»

ቤቷ ገብታ መስታወት ፊት ቆመች፤
ጉንጯ ላይ የጀልባ ቀለም ቅርፊት፣ ሰማያዊ፣
የጥፍር ታህል።
አልጠረገችውም።