ባቡሩ ውሃ የሚጠጣበት

ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ከዚራ፣ ኒሙ ሥር፣
ሙቀቱ አልሄድ ብሎ ግንቡን ሲዞር፣
ባጃጄን አቁሜ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ፣
ገባሁ እንግሊዝኛ፣ ሁለት ደንበኛ ትቼ።

መምህር አራርሶ የባቡር ሰው ነበር፤
ሠላሳ ዓመት ቲኬት ሲበሳ የሚያድር።
ጡረታ ሲወጣ ኮፍያውን መለሰ፤
መብሻዋን ግን ይዞ ቤቱ ደረሰ።

«ረጅም ቃል ባቡር ነው፤ ፉርጎውን ቁጠሩ፤
መዳፍ ከአገጭ በታች፤ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ።»

ሪ፣ ስፖን፣ ሲ፣ ቢ፣ ሊ፣ ቲ።
ስድስት ጊዜ መዳፌን መታው አገጬ፤
ትርጉሟ ኃላፊነት፣
በስድስት ጉርሻም አልወረደችልኝ አላምጬ።

መቁረጡስ ቀላል ነው። የፊደል ልጆች ነን፤
ቃል ከነቁራጩ ነው ከሀ ሁ ጀምሮ የተሰጠን።
«ቁርጡ ግን» አለ መምህር «የቱ ላይ ነው ጉልበቷ?
ከስድስቱ አንዷ ናት የቤቱ እመቤቷ።
እኛ ይጠብቃል፣ ይላላል እንላለን፤
'ገና' ሲላላ ትዕግሥት፣ ሲጠብቅ በዓል ነው፤ እንለያለን።
እነሱ ግን አንዷን ከፍ፣ ረዘም አድርገው
ሌሎቹን እንደ ክኒን ይውጣሉ አድበስብሰው።»

ፈርዶሳ፣ ታይዋን ገበያ ሽቶ የምትሸጠው፣
«እንደ ደቻቱ» አለች፣
«አሥራ አንድ ወር አሸዋ፤
አንድ ሌሊት ግን…»
አልጨረሰችውም። ማንም አላስጨረሳት።
ድሬ ተወልዶ ያቺን ሌሊት ማን ረሳት?

መምህር ጉሮሮውን ጠረገ።
«ጅራቷ 'ሽን' ከሆነ ከፊቷ ያለችው ትጎላለች፤
ስቴ-ሽን። ኢንፎርሜ-ሽን። ይቺ ሕግ ታማኝ ናት፤ ሌላዋ ትዋሻለች።»
ቀጥለን ኤሌክትሪሲቲን ጀመርን፤
ኢ፣ ሌክ፣ ትሪ —
መብራት ጠፋ።
ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው።
«አያችሁ? ገመድም የሚበጠሰው የከበደው ላይ ነው።»

ከዚያ በጨለማው ውስጥ፣ ቀስ ብሎ፣ ጣቢያ ቆጠረልን፦
«ሽንሌ። አዲጋላ። አይሻ። ደወሌ።
ሁሉም ጣቢያ ነው፤ ሁሉም ደወል አለው፤
ባቡሩ ግን ቆሞ ውሃ የሚጠጣበት አንድ ነው።»

«የቱ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ሰማን የት እንደጎላ፤
አራቱን ሲጠራ ትንፋሹ ያረፈው አዲጋላ።
የወተት ሻጭ ሻሽ ይሁን፣
ሳይበሳ ያለፈ የአንዲት ሴት ቲኬት፣ ማን ያውቃል።
ብቻ መብሻዋ እጁ ላይ «ቅጭ» አለች፣
ወረቀት ሳይኖርባት።

መብራት ሲመጣ አሮጌ ቲኬት ሰጠኝ፤
ጀርባው ላይ ስድስቱ ቁራጮች፣ 'ቢ' ላይ ቀዳዳ።

ደቻቱን ከመሻገሬ በፊት ቆሜ
ባጃጄ መብራት ፊት ያዝኩት፤
ብርሃን የሚያልፈው በዚያች ብቻ ነው።
ከጎኗ፣ በእስክሪብቶ፣ ለራሴ ጻፍኩ፦
«መምህር አራርሶ አዲጋላ ላይ ይጠብቃል።»
ላልቶ ይነበብ ጠብቆ፣
አልበሳሁትም።