ክር የያዘው እጅ

ጦሳ ጉሙን ጥሎ ከከተማው ላይ ተኝቷል፤
የክፍላችን መስኮት እንደ ሠራተኛ ግንባር ያልበዋል።
ጦይባ ገባች፣ ከኮምቦልቻ፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ፣
ለሐረጎ ብርድ የደረበችው ሹራብ እስከ ጉልበቷ ድረስ፣
የቀኝ እጅጌው ታጥፎ፣ በመርፌ ቁልፍ ተቆልፎ።
"ይፈታ?" አለች። "ይፈታ።" ዓይኗ ሄደ ግድግዳ አልፎ።

ባለፈው ወር አራጌ ክንዷን በጄሶ ጠቅልሎ
ቅርጿን ወስዶላት ነበር፣ "ትንሽ ይሞቃል፣ አይዞሽ" ብሎ፤
ያንን ሞልተን፣ ሞርደን፣ አጥንቷ ከሚነካው ላይ
ሁለት ሚሊ ሜትር ጨምረን፣ እንዳይፋቅ፣ እንዳይሰቃይ፣
ማቀፊያ ሠራንላት፤ ውጩ እንደ ጫማ ጥቁር፣
ውስጡ ሳንቲም የሚያህሉ ሁለት ብረቶች፣ ጆሯቸው ለሥጋ ምሥጢር።

ሥራዬ ማዳመጥ ነው። ጡንቻ ይናገራል፤
ጣቱ ባይኖርም እንኳ ትእዛዙ ይወርዳል፣
ከራስ ቅል ተነሥቶ፣ በትከሻ፣ በክርን ሥር ሄዶ፣
እንደ ፖስተኛ ይቆማል፣ የሚያውቀው ቤት ተንዶ።
እኔ እዚያ ነው የምጠብቀው፣ ከፍርስራሹ ደጅ፣
ጣቴን ቆዳዋ ላይ አሳርፌ። "ጨብጪ" እላለሁ፣ "በዚያ እጅ።"

የስክሪኑ መስመር ዘለለ፤ ተራራ ሆኖ ቆመ።
"አሁን ዘርጊ።" ቀልጦ፣ ሜዳ ሆኖ ተጋደመ።
"ዘርጊ፣ ጦይባ።"
"አልችልም።"
ብረቱን በጣት ስፋት አራቅኩ፣ ቆዳዋን በእርጥብ ጨርቅ አበስኩ፣
ብርዱ ነው ብዬ ማሞቂያውን ወደ እግሯ ገፋሁ፤ ደግሜ ጠየቅኩ።
"ክር ይዟል" አለች። "ከዘረጋሁት ይወድቃል።"

ከዚያ በአንድ ትንፋሽ፦
"የሌሊት ፈረቃ ነበር፤ ክር ተበጠሰ፤ ልቀጥል ብዬ
ጫፉን አገኘሁት፣ በሁለት ጣቴ መሃል አጥብቄ፣ ጠቅልዬ፤
የቀረውን ማሽኑ ያውቃል።
እጄ የሄደ ጊዜ ክሩን እንደያዘ ሄዷል።
ሁለት ዓመት ከአራት ወር፤ እንደጨበጠ ነው፣ አልተፈታም፤
ማታ ማታ ጥፍሬ መዳፌን ይወጋኛል።
የቱ መዳፍ? እንጃ። ያማል እንጂ አይታይም።"

ለዚህ ነገር ትምህርት ቤት ያስጠኑን ስም አለ። ዋጥኩት።
የግራ እጄን ከክንዷ ጫፍ አንድ ስንዝር አሳልፌ፣ አየር ላይ ዘረጋሁት።
"ጫፉን ለእኔ አቀብይኝ።"
አየችኝ። መዳፌንም አየችው፣
ንጹሕ መሆኑን እንደሚመረምር ሰው።
"እንዳትለቀው።"
"አልለቅም።"

ከሜዳው ላይ ጉብታ ተነሣች፤ ጦሳን አታህል፣ የሐረጎን አንድ ጠምዛዛ እንኳ፤
አፋር ነገር። የማሽኑን ደፍ ዝቅ አደረግኩላት፣ ጫፏ እስክትነካ።
ሞተሩ ጥዝዝ አለ፣
ጣቶቹ ተከፈቱ።

ከዚያ በኋላ ያለው የአዘቦት ሥራ ነው።
ጓንቱ ከመልኳ ሁለት ደረጃ ቀልቷል፤ "ይሄ ደግሞ የማን ዘመድ ነው?" ብላ ሳቀች።
የላስቲክ ብርጭቆ ጨፈለቀች፣ ሌላም ጨፈለቀች፣ ሦስተኛዋን ማረች።
ባትሪውን ሌሊት ሰኪው አልኳት፣ መብራት ከጠፋ ጣትሽም ይጠፋል።
"ክር ይቋጥራል?"
"አይቋጥርም።"
መዋሸት ይቻል ነበር።

በአሥር ሰዓት ደወለች። ሐረጎን ወርደው ሙቀቱ ሲቀበላቸው
ክንዷ አልቦት፣ እጁ ሳይታዘዝ ተከፍቶ፣ የሂሳብ መልሷ ተበትኖባት፤
"ተሳፋሪው ሁሉ ወንበር ሥር ገብቶ ለቀመልኝ፣
ሾፌሩ ሳይቀር፣ ዳር ይዞ አቁሞ።"
"ሐሙስ ነይ" አልኳት። "የእኛን ብርድ ብቻ ነው የለካነው፤
የእናንተን ሙቀት እናስለምደዋለን።"
"እሺ" አለች። አልዘጋችም።
"ክሩስ?"
"አለ" አልኳት።

መስኮቱ እንደገና አልቦት ነበር። ጨርቅ አንሥቼ
በቀኜ ወለወልኩት።
ግራዬ ሥራ ይዟል።