ጠበቀ

ሽምብጥ፣ ከዋርካው ሥር፣ ሞርሳዬን ተክዬ፣
ዐሥራ ስምንት ክረምት ዝናቡን ችዬ፣
ያልፈታሁት ብሎን፣ ያልዳሰስሁት ካቦ
የለም ስል ነበረ፣ ጉራዬ አብቦ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ትርንጎ መጣች፣
እስከ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ እንደለበሰች፣
የተራራ ብስክሌት በጎኗ እየገፋች።
የዓሣ ተመራማሪ፣ ሥራውን ጨርሶ
የሸጠላት ነበር ዋጋውን ቀንሶ፤
ጎማው የአዞ ጀርባ፣
ፍሬኑ በዘይት፣
ኮርቻው ደግሞ አለ፣ ጉድ የሚያሰኝ ፍጥረት፦
ከመሪው በስተግራ አንዲት ምላስ አለች፣
ትእዛዝ የምታደርስ ባውራ ጣት ከተጫነች።
ተጭነው ሲቀመጡ ኮርቻው ይወርዳል፣
ተጭነው ሲነሡ ተከትሎ ይነሣል።
ከቤዛዊት ቁልቁል፣ ድንጋይ ለድንጋይ፣
ከፍ ያለ ኮርቻ ሰው ይጥላል በመሪው ላይ።

«ምን ሆነ?» አልኋት።
«ይወርዳል፣ አይነሣም።»
ሳቅሁኝ። «በዚህ አገር ይህ በሽታ የለም፤
እኔ የማውቀው ኮርቻ፣ አንዴ ከወጣ አይወርድም።»
እሷ አልሳቀችም። እሑድ ውድድር አላት።
ሄልሜቷን ታቅፋ በባጃጅ ሄደች፤
እኔና ኮርቻው ተፋጠን ቀረን።

መጀመሪያ ካቦው። በሽፋኑ ውስጥ ታጥፎ
ይሆናል ብዬ መሪውን ግራ ቀኝ ጠመዘዝሁ፤
ሐይቅ ላይ እንደተጣለ የመረብ ገመድ
ልስልስ ብሎ ይሳባል፣ ጫፉም «ጠቅ» ይላል።
ካቦው ነጻ ተባለ።

ቀጥሎ አቧራ። የጢስ ዓባይ መንገድ አቧራ
ጥርስ መሐል ይገባል፣ የዘንግ ቀለበት ምኑ ነው?
ባሮጌ ከነቴራ ዘንጉን አሸሁት፣
ስስ ዘይት አንጠብጥቤ ሃያ ጊዜ ተቀመጥሁበት፣
ሃያ ጊዜ ተነሣሁ።
ሊስትሮዎቹ ቆመው፣ «ጋሽ አንተሁነኝ ስፖርት ጀመረ!»
ኮርቻው ግን ዳገት እንደሰለቸው አህያ
መሐል ላይ ቀረ።

በሆዱ አየር አለው ይላሉ፤
ቫልቩን ብነካው «ፉት» አለኝ በንቀት።
አየርም አልጎደለ።

እንግዲህ ነቅዬ ውስጡን ልየው ብዬ
አንገቱን ላላላ ብሩጎላ ሰደድሁ።
እምቢ አለ።
ሁለት እጄን ጨምሬ፣ «እህ» ብዬ፣ ሩብ ዙር ብቻ—
ክንዴ ምላሷ ላይ አርፎ ኖሮ
ኮርቻው ሽው ብሎ ተነሥቶ
አገጬን ነረተኝ።

አገጬን ይዤ ቆምሁ።
አንገቱን ማን ነው እንዲህ ያነቀው?
ብሎኑ ራስ ላይ የብሩጎላ ጭረት አየሁ፤
ያችን የተሸረፈች ጫፍ እንደ ፊርማዬ አውቃታለሁ።
የዛሬ ሳምንት ነው። «ትንሽ ይዞርብኛል» ብላኝ፣
«አይዞሽ» ብዬ፣ በቱቦ አስረዝሜ፣
እስኪጮኽ አጠበቅሁት።
ገበያ መሐል ኮርቻ ከተሰረቀብኝ ወዲህ
ያላጠበቅሁት የለኝም፦ ብሎን፣ የደጄን መቀርቀሪያ፣
የልጄን የመግቢያ ሰዓት፤
የጠበቀ ሁሉ የሚጠብቅ መስሎኝ።
ዘንጉ ግን በሆዱ ሌላ ዘንግ ይዟል፣
ከውጭ ሲያንቁት
የውስጡ መውጫ ያጣል።

የሐይቁ ነፋስ ሲበርድ መጣች።
ተቀመጠች፣ ተነሣች፤ ኮርቻው ተከተላት።
ሳቋን ያን ጊዜ አየሁ።
«ምን ነበር?»
«አቧራ» አልሁ።
መቶ ሃምሳ ብር ተቀበልሁ።

እሑድ ከቤዛዊት ግርጌ፣ ሰው ነጂ ሲያይ
እኔ ኮርቻ አየሁ፤
ወረደ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ወረደ።
አራተኛ ወጣች። እጇን ስታውለበልብልኝ
ጎንበስ ብዬ የታሰረ ጫማዬን አሰርሁ።

ልጄ ያን ማታ አንድ ሰዓት ዘግይታ ገባች፤
ዝም አልሁ፣ ዝምታዬ አስደነገጣት።

መቶ ሃምሳውን ብር አልነካሁትም።
በሞርሳዬ ጥርስ መሐል ነው ያለው፣
መዝጊያውን በሁለት ጣት ብቻ አዙሬ፣
ነፋስ እንዳይወስደው ያህል።
በዚህ ስታልፍ እነግራታለሁ።
እስከዚያው
ይጠብቃታል።