የመስፉ ወዲያኛው ጠርዝ

ከበርሚንግሃም ወዲያ፣ «ጥቁር አገር» በሚሉት፣
የምድጃ ጥቀርሻ ስሙን ባወጣለት፣
በወይዘሮ ቲርዛ ጓሮ፣ ከዶሮ ቤቱ ጥግ፣
ጆንያ ለብሶ ቆየኝ፣ ዕዳ እንደሚሸሽግ።

የኔ ሥራ አሮጌ ብረት ነው፤ ማየት፣ መገመት፣
ነውሩን ጮክ ብሎ መቁጠር፣ ደጉን በሆድ መክተት።
ብረት እንደጋለ ነው ይላሉ የሚቀጠቀጥ፤
ዋጋ ግን ሲበርድ ነው፣ እጅ ኪስ ውስጥ ሲቀመጥ።

«የኢኖክ ነው» አለች፤ «ያው የባሌ፣ ነፍሱን ይማር፤
አርባ ዓመት ሰንሰለት ሠራበት፤ ዋጋውን ተናገር።»

ጆንያውን ገፈፍኩ። በጎኑ ሦስት ቁጥር፤
አንድ፣ ሁለት፣ ዐሥራ አራት፤ የጥንት ሰዎች ምሥጢር፦
አንዱ መቶ ዐሥራ ሁለት ነጥር፣ ሁለቱ ኀምሳ ስድስት፣
ሲደመር መቶ ሰማንያ ሁለት፤ ሁለት ጎረምሳ የሚያስምጥ ክብደት።

ዝገቱ የላይ ነው፤ ጥፍሬ ሥር ዱቄት ሆኖ ቀረ።
በትንሿ መዶሻዬ ከቀንዱ ጀምሬ መታሁት፤ ዘመረ።
ስንዝር በስንዝር ሄድኩ፤ ደወል፣ ደወል፣ ደወል፤
ተረከዙ ጋ ስደርስ ብቻ እንደ መታፈን ሲል፣
ሳሉን በጉባኤ መሐል እንደሚውጥ ሰው፤
አረብ ብረቱ እዚያ ጋ ከገላው ለቋል፣ ጥቂት ነው።

ከኪሴ የኩሽኔታ ኳስ አውጥቼ ከክንድ ከፍታ ለቀቅኩ።
ነጥራ መዳፌን ልትነካ ምንም አልቀራት፤ ደነገጥኩ።
ከዐሥር እጅ ዘጠኙን መለሰ! ይህ ፊት አልሞተም።
እኔ ግን አፌን አጣመምኩ፤ አንዲት ቃል አልወጣኝም፤
የሻጭ ጆሮ የገዢን ፊት ያዳምጣልና።

ማስመሪያ አስተኛሁበት፤ ከሥሩ ብርሃን ገባ፤
ወገቡ ሰርጉዷል፣ ብዙ እንደ ተጫነ የበቅሎ ጀርባ።
«ይኸው» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «ይኸ ዋጋ ይቀንሳል።»
«ይቀንሳል» አለች፤ ጢም ብሎ የሞላ ባልዲ በእጇ ይወዛወዛል።

ከዚያ ጠርዞቹን ዳሰስኩ።
ቀኝ እጀኛ ቀንዱን በግራው አድርጎ በሚቆምበት
ጠርዙ እስካሁን ስል ነው፤ መዶሻ ያልደረሰበት።
የወዲያኛው ግን ተበልቷል፤ እንደ ሕፃን ድድ ለስልሷል።
ከታች ግንዱም በዚያው በኩል በእግር ጫፍ ተቦርቡሯል፤
ጫማዬን አስጠጋሁ፤ ጠበበኝ።

«ኢኖክ ግራኝ ነበረ?»
«ኧረ ምን በወጣው! ቀኝ ነው፤
ብርጭቆ እስኪቀበር ድረስ ያነሣው በቀኙ ነው።»

ዝም ተባባልን። አንዲት ዶሮ መስፉ ላይ ወጥታ ወረደች።
ያኔ ነው ባልዲውን ያየሁ፤ በግራ እጇ ነበር የያዘች።
ያ ክንድ ከወንድሙ ይወፍራል፤ ፍንጣሪ የበላው፣
ምስር የተዘራበት ይመስል፣ ነጥብ ነጥብ ያለው።

«በሳምንት ሦስት ሺህ ቀለበት» አለች፣ ሳልጠይቃት፤
«ልጄን በሚስማር ሣጥን ወናፉ አጠገብ አስተኝቼያት።
በነጋዴው መዝገብ ላይ ግን የኢኖክ ነው ስሙ፤
ቅዳሜ ገንዘቡን የሚቀበል እሱ ነዋ፣ እሱ ከነጥሙ።»

ስምንት ፓውንድ ልሰጥ ነበር የመጣሁት። አዘንኩ መሰለኝ፣
«ዐሥር» አልኩ፣ ደግ እንደ ሆንኩ እየተሰማኝ።

ሳቀች። «ስለ እጄ አትክፈለኝ፤ ስለ ብረቱ ክፈል።
ኳሷን አይቻታለሁ፤ ፊትህ ዝም ቢል እሷ ተናግራለች ስትዘል።
ዐሥራ አምስት። ተረከዙ ጋ ለፈዘዘው አንዱን ቀንስ፤
ያን እንኳ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በውርጭ ማለዳ፣ ሳይሞቅ፣ ስቸኩል ለመጨረስ።»

ዐሥራ አራት ቆጠርኩላት። ደረሰኝ አውጥቼ፣
«ከማን ገዛሁ ልበል?» አልኩ፣ «ከሟቹ?» ብዬ አመንትቼ።
ብዕሩን ከጣቴ ወሰደችው፤
በግራ እጇ፣ ፊደል በፊደል፣ ቀስ እያለች ጻፈችው።
መዳፏ ያልደረቀውን ቀለም ተከትሎ እየዳበሰ፣
ስሟ ሳይነበብ ገና ግማሹ ጭስ ለበሰ።

«ይነበባል?» አለች።
«ይነበባል» አልኩ።